የጎደለችው ሰረዝ

በመሥሪያ ቤቱ ሰረዝ ብለው ይጠሩታል። ቅጽል ስሙ የወጣለት በስልክ ትእዛዝ ሲያስጽፍ «ሰረዝ፣ አሁንም ሰረዝ» ማለት ስለሚያበዛ ነው። ዕድሜው ሃምሳ ስድስት ነው። በየቅርንጫፉ ያሉት ኮምፒውተሮች በየቀኑ የመዝገባቸውን ቅጂ ወደ ዋናው ቢሮ እንዲልኩ የሚያደርገው እሱ ነው።

ቅጂውን የሚልከው አንድ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ የሚታዘዘው በጽሑፍ ነው፤ የትኛውን ፎልደር እንደሚወስድ፣ የትኛውን እንደሚተው፣ የት እንደሚያስቀምጥ በአንድ መስመር ይነገረዋል። ከእያንዳንዱ ምርጫ ፊት ሁለት ሰረዝ አለ። አንዷ ከጎደለች ፕሮግራሙ ንቅንቅ አይልም።

ሚስቱ ከሞተች አራት ዓመት አልፏል። ከቤት ሲወጣ ሬዲዮኑን ሳይዘጋ ይሄዳል፤ ሲመለስ የሚናገር ሰው እንዳያጣ። ጠዋት ከሁሉም ቀድሞ ይገባል። ጽዳቶቹ ወለሉን ሳይጨርሱ እሱ ማሽኖቹ ዘንድ ተቀምጦ ያገኙታል። ምሳውንም እዚያው፣ የማራገቢያውን ድምፅ እየሰማ ይበላል።

ከቅርንጫፎቹ አንዱ ልደት የሚመዘገብበት ሩቅ ቢሮ ነው። እዚያ የምትሠራው አንዲት መዝጋቢ ብቻ ናት። ከስምንት ወር በፊት ስትቀጠር ከዋናው ቢሮ ሆኖ የኮምፒውተር መለያዋን ከነምሥጢር ቃሉ የከፈተላት፣ ፕሮግራሙንም ያስተካከለላት እሱ ነበር። ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ስልኩ ይጮኻል።

«ጋሼ፣ ዛሬም እምቢ አለኝ።»

«አይዞሽ እህቴ። ጥቁሩን ስክሪን ክፈቺና የምልሽን ጻፊ።»

ስሕተቱን አንብባ ሳትጨርስ የትኛዋ ሰረዝ እንደጎደለች ይነግራታል። እንዴት እንደሚያውቅ ይገርማታል። ዓይን ይለምዳል ይላታል። ከዚያ ፕሮግራሙ ሥራውን ይጀምራል፤ አሥር ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። እስኪጨርስ ስልኩን እንዳትዘጋ ያሳስባታል። በዚያ አሥር ደቂቃ ስለ እናቷ ጉልበት፣ ስለሚያፈሰው ጣሪያ፣ መንታ ልጆቹን ሲያስመዘግብ ማን ማን እንደሆነ ስለተምታታበት አባት ትነግረዋለች። ይስቃል። ስልኩ ሲዘጋ ክፍሉ ውስጥ ማራገቢያው ብቻ ይቀራል።

የክፍሉ ኃላፊ ነገሩን ካስተዋለ ቆይቷል።

«ሰውዬ፣ ይቺ ሴት ድምፅህን ወዳዋለች» አለው አንድ ቀን በሩን ተደግፎ። «የሌላው ቅርንጫፍ ደህና ሲሠራ የሷ ብቻ ምን ሆኖ ይበላሻል? ራሷ አበላሽታ ነው የምትደውለው።»

ሰረዝ አንገቱን ደፍቶ ወደ ስክሪኑ ዞረ።

ሰረዝ የሁለት ሳምንት ፈቃድ ወጥቶ ሲመለስ የኃላፊው ጥርጣሬ ጭራሽ ጠነከረ። እሱ ባልነበረበት ጊዜ ከዚያ ቅርንጫፍ አንድም ስልክ አልተደወለም፤ ፕሮግራሙም ቀጥ ብሎ ሲሠራ ነው የከረመው። ኃላፊው የሚያዋራት ሲጠፋ ማበላሸቱንም ተወችው ብሎ ደመደመ።

ጣጣው የመጣው አንድ ማክሰኞ ነው። ጠዋት ፕሮግራሙ እንደለመደው እምቢ አለ። መዝጋቢዋ ልትደውል ስልኩን ሳታነሳ የኮምፒውተሩ ዲስክ ተቃጠለ። ሰኞ የተመዘገቡት የሠላሳ አንድ ሕፃናት መዝገብ ቅጂ ሳይኖረው ጠፋ። ወላጆች ልጆቻቸውን ታቅፈው እንደገና ተሰለፉ። አንዱ አባት ግን ባዶ እጁን መጣ። ልጁ ሰኞ ማታ አርፎ ነበር። ስሙ የሰፈረበትን ገጽ አንዴ ብቻ ልይ ብሎ ለመናት፤ የምታሳየው አልነበራትም።

ኃላፊው ዋናው ቢሮ ሆኖ ማን መቼ ወደ ኮምፒውተሩ እንደገባ የሚያሳየውን ዝርዝር ተመለከተ። ትእዛዙ በየጊዜው የተነካካው በመዝጋቢዋ መለያ ነው። ለእሱ ነገሩ አለቀ። ሰረዝን ለወጉ ያህል አጣርቶ ሪፖርት እንዲጽፍ ላከው።

ሰረዝ ሦስት ሰዓት በአውቶቡስ ተጉዞ ደረሰ። ሴትየዋን በዓይኑ ሲያያት የመጀመሪያው ነው፤ በድምፅ ከሚያውቃት ታንሳለች። ያላትን አንድ ወንበር ለቀቀችለትና ከመሳቢያ ደብተር አወጣች። እሱ ያስጻፋት እያንዳንዱ መስመር ከነቀኑ ተጽፎበታል።

«ጋሼ፣ እኔ እጄን አላስገባሁበትም» አለችው። «ከዚህ ካስወጡኝ እናቴን ይዤ የት እገባለሁ?»

ሰረዝ የኃላፊውን ጥርጣሬ አንስቶ በለሰለሰ አነጋገር ጠየቃት። መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ፊቷ ቀላ።

«ለወሬ ብዬ?» አለች። «እዚህ ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ነኝ። ሰልፉ እየጠበቀኝ ስልክ ይዤ መቆሜ ያሳቅቀኝ ነበር። እርስዎ አትዝጊ ስላሉኝ፣ ትልቅ ሰው አይቋረጥም ብዬ ነው እንጂ።»

ሰረዝ ደብተሩን ገጽ በገጽ ገለጠው።

«ያምኑኛል አይደል?» አለችው።

«አምንሻለሁ» አላት።

በማግሥቱ ማሽኖቹ ዘንድ ተቀምጦ ቅጹን መሙላት ጀመረ። ሦስት ጥያቄ ነበረው፦ ምን ጠፋ፣ እንዴት ጠፋ፣ ተጠያቂው ማን ነው። ሁለቱን ቶሎ ጨረሰ። ኃላፊው በበሩ ሲያልፍ የሴትየዋን ስም ብቻ ጽፎ እንዲፈርም፣ ሌላውን እሱ እንደሚጨርሰው ነገረው። ሰረዝ እስክሪብቶውን እንደያዘ ቀረ።

በሦስተኛው መስመር ላይ የራሱን ስም፣ ከስሙም ቀጥሎ ማለዳ ማለዳ በእሷ መለያ ገብቶ ሰረዟን የሚያጠፋበትን ሰዓት ጻፈ።