የመሳፍንት ጉድጓድ

ደብረ ማርቆስ ገበያ ላይ ጋቢ የሚገዛ ሁሉ ሸማኔውን ባዘዘውን የሚለው አንድ ነገር ነበር፤ «ጥለቱን እንደ መሳፍንት አድርግልኝ።» መሳፍንት ጎረቤቱም፣ የሙያ ባልንጀራውም ነበር። ሞቶ ከተቀበረም በኋላ ገበያተኛው «እንደ መሳፍንት» ማለቱን አልተወም።

ባዘዘው ምስጢሩ ጉድጓዱ ነው ብሎ ካመነ ቆይቷል። ሸማኔ ተቀምጦ እግሩን የሚሰድበት፣ መርገጫውን የሚረግጥበት ያ ጉድጓድ እጅ የሚያሳምር ይመስለዋል። አርባው ሳይወጣ የሟቹን ሚስት ማሬን ለምኖ፣ መሳፍንት ጀምሮት በቀረው ድር ላይ ተቀመጠ።

እኩለ ቀን ላይ ጥለቱ እንደ ብራና ሐረግ ተጠላልፎ ሲወጣ አየው። ደስታው ግን አልቆየም። ማሬ ደጃፉ ላይ ቆማ «የሱ እጅ ነው» አለች፤ ድምፅዋ በሕይወት ያለ ባሏን የምታቆላምጥ ሴት ድምፅ ነበር።

ባዘዘው ቅናት ያዘው። «የኔ እጅ ነው» ብሎ መወርወሪያውን ጣለና ሁለቱንም እግሮቹን ከጉድጓዱ አወጣ።

ድሩ መከፈት መዘጋቱን አላቆመም። ታች ባዶው ጉድጓድ ውስጥ መርገጫው ረጋ ብሎ ይወጣል፣ ይወርዳል።

ማሬ መወርወሪያውን ከመሬት አንስታ አቀበለችው።

«ወርውርለት እንጂ፣ አያ ባዘዘው። እየጠበቀህ ነው።»