ሁለቱ በሮች

አሰለፈች የመርሳውንም ምግብ ቤቷን እንደ ወልዲያው «ኒው ስታር ሆቴል» አሰኝታ ቀለም አስቀባችው። በአንዱ በር ላይ የነበረው መስቀል፣ በሌላው ላይ የነበረችው ጨረቃ በአዲሱ ቀለም ተሸፈኑ። የድሮ ደንበኛዋ ሾፌሩ ሲራጅ ደጁ ላይ ቆሞ ቀረ።

«እትዬ፣ የኛ በር የቱ ነው?»

«ስሙ ተለወጠ እንጂ ቤቱ ያው ነው፤ ግባ።»

«አንቱንስ አምናለሁ። መንገደኛው የማን ሥጋ እንደሆነ በምን ይለያል?»

ከኋላው ክርስቲያኖቹም ሾፌሮች ሳይገቡ ቆመዋል። አሰለፈች ከፋትና «ና፣ በዓይንህ እይ» ብላ ወደ ጓዳ ወሰደችው። ሁለት ወጥ ይንተከተካል። ምልክት የነበረባቸውን ድስቶች ከስሙ ጋር ለውጣቸው ነበርና አዲሶቹ አንድ ዓይነት ናቸው። እጇን ወደ አንደኛው ክዳን ሰደደች፤ መልሳ ወደ ሌላው። ከዚያ ወጥ ሠሪዋን አየቻት።

ወጥ ሠሪዋም እሷኑ ታያለች።