ስድስት ሳምንት

ሐኪሟ የስምምነት ቅጹን ገፋ አድርጋ ከፊቱ አስቀመጠችለት። "የትከሻዎ ጅማት ተበጥሷል። ቀዶ ጥገና ከተደረገልዎ ክንድዎ ስድስት ሳምንት ታስሮ ይቆያል። አይሆንም ካሉ በፊዚዮቴራፒ እንሞክራለን፤ ግን እጅዎ እንደ ድሮው ወደ ላይ ስለ መነሣቱ እርግጠኛ አይደለሁም።" ዕድሜውን ሙሉ ጣሪያ ሲቀባ የኖረው ሰውዬ ግንባሩን ላብ ቸፍ አለው። የተጎዳውን ክንዱን በደህናው እጁ እንደ ሕፃን አቅፎ፣ "ፊዚዮቴራፒው ይሻለኛል" አለ።

አብራው የመጣችው ልጁ ደነገጠች። ከመሰላል ከወደቀ ወዲህ "ቀደው ይገላግሉኝ" እያለ መቆሚያ መቀመጫ ያሳጣት እሱ ራሱ ነበር። "አባዬ፣ ቢላዋ ፈርተህ ነው?"

"እኔ? ቢላዋ?" ክንዱን ይበልጥ ወደ ደረቱ አስጠጋው። ሐኪሟ እንዳትሰማው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እናትሽ የለችም። ስድስት ሳምንት ሙሉ ማን ያጥበኛል? ቀበቶዬንስ ማን ያስርልኛል?" አላት።

"እኔ ምን ሆኜ?"

"አንቺማ ሴት ልጄ ነሽ።"

"በቃ፣ ዓይኔን ጨፍኜ አጥብሃለሁ።"

"ሳሙናውን ዓይኔ ውስጥ ልትሞጅሪው ነዋ!"

ሐኪሟ ሳቋን ለመደበቅ አቀረቀረች። እሱ ግን አልሳቀም። ልጁን ትክ ብሎ አያትና ቅጹን በደህናው እጁ ወደ ራሱ ስቦ ወደ ሐኪሟ ዞረ። "መቼ ልምጣ?" አላት።