አሥራ ሁለት ካሬ

ሁለቱ ከተሞች እንደ ጣውንቶች ነበሩ። አንዷ ፎቅ ስትሠራ ሌላዋ እንቅልፍ ታጣለች። ለዚሁ ሲባል በእያንዳንዳቸው መሐል ከተማ ምን ያህል ቢሮ እንደተከራየ በየወሩ የሚቆጥር አንድ አንድ ሰው ተቀጥሯል።

በዚህኛው ከተማ የምትቆጥረው ሃምሳውን ያለፈች፣ ብቻዋን የምትኖር ሴት ነች። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች «ወይዘሮ ካሬ» ይሏታል፤ የካሬ ሜትር ነገር ሲነሳ ቀልድ አታውቅም። ክፍል ተከራይቷል የምትለው በሩ ላይ ጽሑፍ ስለተለጠፈ ሳይሆን፣ በሥራ ሰዓት ውስጡ የተቀመጠ ሰው በዓይኗ ስታይ ነው። ሦስት ጊዜ ሄዳ ሰው ካጣች «ሰው የለበትም» ብላ ትጽፋለች። ከጻፈች በኋላ እግሯ ላይ ቢወድቁም አትሰርዝም።

የወዲያኛውን ከተማ ቆጣሪ በአካል አይታው አታውቅም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየወሩ የመጨረሻ ዓርብ፣ ልክ አሥር ሰዓት ላይ ትደውልለታለች፤ ቁጥር ይለዋወጣሉ። አንድም ቀን ሳያነሳ ቀርቶ አያውቅም። «አቤት፣ ባላንጣዬ» ነው የሚላት። ቁጥሩ አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ከዚያ የወገቧን ሕመም ይጠይቃታል፣ ምሳ መብላት አለመብላቷን ይጠይቃታል። ሌላ ይህን የሚጠይቃት ሰው አልነበራትም። እህቷ ከሞተች ወዲህ ቤቷ ስልክ የሚጮኸው አንድ ሰው ቁጥር ሲሳሳት ብቻ ነው።

በቅርቡ ግን ሰውዬው የሰነፈ መሰላት። የቢሮዬ ስልክ ተበላሽቷል ብሎ የኪስ ስልኩን ቁጥር ከሰጣት ወዲህ መልሱ ሁልጊዜ «እንዳለ ነው» ሆኗል። ባለፈው ወር ወቀሰችው።

«አንተ ሰው፣ እግርህን ምን ነካው? ቁጥርህ እኮ ንቅንቅ አላለም!»

«እርጅና ነዋ» ብሎ ሳቀ። «ይልቅ ስትወጪ ጃንጥላ ያዢ። ደመናው ከብዷል።»

ያዘች። እውነትም ዘነበ። ለእሷ ሲል የእሷን ከተማ የአየር ትንበያ የሚከታተል ሰው መኖሩ አንጀቷን በላው። መንገዱን ሁሉ ለብቻዋ ፈገግ እያለች ሄደች።

በዚህ ወር አለቃዋ አስጠራት። በዕድሜ ብትወልደው ትወልደዋለች፤ ጫማው ፊት ያሳያል።

«ወይዘሮ ካሬ፣ የምሥራች! ዘንድሮ ከጣውንታችን ጋር እኩል ለእኩል ደርሰናል። አንዲት ክፍል ብንበልጣቸው አለቀ። አሸነፍን ብለን ማወዳደሩን እንዘጋዋለን። እርስዎም ከዚህ ስልክ ይገላገላሉ።»

«እገላገላለሁ» አለች።

«ፊት ለፊታችን ያለው ፎቅ ላይ፣ አራተኛው፣ አንዲት ክፍል ተይዛለች አሉ። አሥራ ሁለት ካሬ ናት። እሷን እንዳይረሷት፣ አደራ።»

ያን ማታ እራቷን ሳትቀምስ ከደነችው። ማወዳደሩ ከቀረ በምን ሰበብ ትደውልለታለች? ወገቤን አመመኝ ብላ? በዚህ ዕድሜዋ ለባዕድ ወንድ እንዲያው ደውላ «ድምፅህን ፈልጌ ነው» ልትል ነው? ከዚያስ ሞቷን ትመርጣለች።

ደግሞስ አለቃዋ ስለ ክፍሏ ከማን ሰማ? የፎቁ ባለቤት የልብ ጓደኛው ነው። ይኸኔ ነገሩ ተገለጠላት። ተከራዩ የውሸት ነው።

ሰኞ ሄደች። ክፍሏ የኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ናት፤ መጋረጃ የተጋረደበት መስኮቷ ከወይዘሮ ካሬ ቢሮ ትይዩ ነው። በሩ ላይ «የጥናት ሥራ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ ስም የለው፣ ስልክ የለው። አንኳኳች። መልስ የለም።

ወርዳ ሽማግሌውን ጥበቃ ጠየቀቻቸው።

«ኧረ አለ፣ ልጄ! ጠዋት ገብቷል። ወር ሊሞላው ነው፤ መስኮቷን ወዶ ነው የያዛት። ዝምተኛ፣ ደህና ሰው ነው፤ ዓይኔን ግንባር ያድርገው።»

«ታዲያ ለምን አይከፍትም፣ አባባ?»

«እኔ ምን አውቄ? ለሌላው ሰው ይከፍታል።»

አለቃዋ እኚህንም ሰውዬ አስጠንቷቸዋል ማለት ነው። ቀና ብላም አልተሰናበተቻቸው።

ረቡዕ ተመለሰች። «ቆጠራ ነው! ይክፈቱ!» ብላ ጮኸች። የወንበር እግር ሲጎተት የሰማች መሰላት። ከጎረቤት ክፍል ነው አለች ለራሷ። ዘጠኝ ዓመት ስትቆጥር አንድ ክፍል ባዶ እንዲሆንላት ስትመኝ ይህ የመጀመሪያዋ ነው፤ አፈረችበት። ግን መመኘቷን አልተወችም።

የወሩ የመጨረሻ ዓርብ ለሦስተኛ ጊዜ ስትሄድ፣ አለቃዋ ከደረጃው ላይ «አደራ፣ ወይዘሮ ካሬ!» እያለ ሸኛት። ለአሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን በሩ ጋ ደረሰች። አንኳኳች። ጠበቀች። ደግማ አንኳኳች። ኮሪደሩ ላይ ከእሷ ትንፋሽ በቀር የሚሰማ ነገር አልነበረም።

ቅጹን ቦርሳዋ ላይ ዘርግታ እስክሪብቶዋን «ሰው የለበትም» የሚለው ላይ አሳረፈች። ሰዓቷን አየች። ልክ አሥር ነው። ምልክቱን ከማድረጓ በፊት ለእሱ ልትነግረው ፈለገች፤ እኩል ነን፣ ማንም አላሸነፈም፣ ገና ብዙ ዓርብ እንደዋወላለን ልትለው። ደወለች።

ከበሩ ወዲያ፣ ክፍሏ ውስጥ ስልክ ጮኸ።

«አቤት፣ ባላንጣዬ» አለ ድምፁ፤ በስልኩም፣ በበሩም።