አያ ሽባባው ይዘውት የሚመጡት ወረቀት

"አልፈርምም ብያለሁ፣ አልፈርምም!"

ይታይሽ ልጇን ከሰልፉ ልታወጣ ትጎትታለች...

እንጅባራ፣ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ነን። ነጻ የጥርስ ሕክምና ቡድን መጥቷል፤ እኔ መዝጋቢ ነበርኩ።

ልጅቷ ናርዶስ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ያበጠ ጉንጯን በነጠላ ሸፍናለች። እህል ከቀመሰች ሦስት ቀኗ።

ሐኪሟ "የላይኛው ጥርሷ መግል ይዟል፤ ዛሬውኑ መውጣት አለበት። ወላጅ ሳይፈርም ግን አልነካትም" ብላለች።

ቡድኑ ደግሞ ከሰዓት ወደ ዳንግላ ይሄዳል።

"የላይኛው ጥርስ ሲነቀል ዓይን ይጠፋል! ልጄን ልታሳውሩብኝ ነው?"

ባስረዳት፣ ብለምናት... ወይ ፍንክች!

በዚህ መሃል አንድ ሽማግሌ ሰልፉን ሰንጥቀው መጡ። አያ ሽባባው ይባላሉ፤ ከዘንገና በእግራቸው ነው የመጡት።

ጥበቃው "ዘንድሮም መጡ? በየዓመቱ እየመለስናቸው!" ብሎ አጉረመረመ።

የታጠፈ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉ።

"የልጄ ነው። ልፈርም ነው የመጣሁ።"

እኔም ንድድ ብሎኝ "አባቴ፣ ተራ ይጠብቁ! ደግሞ ልጅቷ ራሷ መምጣት አለባት" አልኳቸው።

ምነው ምላሴን በቆረጠው...

"እሷማ አትመጣም" አሉ።

ወረቀቱን አየሁት። የእኛው ቡድን የወላጅ ፈቃድ ቅጽ ነው። ስም፦ ውቢት ሽባባው። ዕድሜ፦ 16።

ቀኑ... የዛሬ አራት ዓመት!

የወላጅ ፊርማ የሚለው ቦታ ባዶ ነው።



አያ ሽባባው ወደ ይታይሽ ዞሩ።

"እኔም እንዳንች ነው ያልሁ፣ ልጄ። ዓይኗ እንዳይጠፋ ብዬ ወረቀቱን ደበቅሁት። መግሉ ከደሟ ገባ... በሳምንቱ ቀበርኋት።"



"ዓይኗ ደህና ነበር። እያየችኝ ነው የሞተችው።"



ይታይሽ የልጇን እጅ ለቅቃ ወደ ጠረጴዛዬ መጥታ ፈረመች። የናርዶስ ጥርስ ወጣ። ልጅቷ ጥጥ ነክሳ ስትመጣ እናቷ ዓይን ዓይኗን እያየች አለቀሰች።

ቡድኑ ዕቃውን ሲጭን አያ ሽባባው አልሄዱም ነበር።

እስክሪብቶዬን ለመኑኝ። በውቢት ወረቀት ላይ፣ ባዶው ቦታ ላይ፣ ቀስ ብለው ፈረሙ...

"በል እንግዲህ ተቀበለኝ፣ ልጄ።"

ተቀበልኳቸው። ምን ላድርግ?

ወረቀቱ እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ ነው። መዝገብ ውስጥ አላስገባው ነገር ልጅቷ የለችም... እንዳልጥለው ደግሞ እጄ እምቢ አለ። መሳቢያውን በከፈትኩ ቁጥር ያ ፊርማ አለ።

ወገን፣ ጥርስ መነቀሉ ዓይን አያጠፋም። ፈርተን የምናቆየው መግል ግን ልጅ ይነጥቃል። ዛሬ ጉንጩን ይዞ የዋለ ልጅ ቤታችሁ ካለ ነገ አትበሉ።

እናንተ በእኔ ቦታ ብትሆኑ ያን ወረቀት ትቀበሏቸው ነበር? እስኪ ኮመንት ላይ ንገሩኝ...