አሥራ ሁለት ዙር

ነርሷ አልጋው ግርጌ የተንጠለጠለውን የእርምጃ መመዝገቢያ ወረቀት አይታ ሳቀች። «እማማ፣ ኦፕራሲዮን በሆኑ በሦስት ቀን ኮሪደሩን አሥራ ሁለት ጊዜ ዞሩ? አንበሳ ነዎት! ያልተራመደማ ደሙ እግሩ ውስጥ ይረጋና ሳንባው ይገባል። ዛሬ ወደ ቤትዎ!»

አሮጊቷ ከኦፕራሲዮኑ ወዲህ ከአልጋዋ ወርዳ አታውቅም። እናቴን አላንገላታም ብላ ወረቀቱ ላይ ምልክቱን ሁሉ በውሸት የሞላችው ልጇ አንገቷን ደፋች።

«እግር አለኝ፣ ሄድኩ፤ ምን ይገርማል?» አለች አሮጊቷ። ልጇን በሰው ፊት የምታዋርድ እናት አይደለችም። ነርሷ ጀርባዋን ሰጥታ የመውጫ ወረቀቱን ስትሞላ፣ ከትናንት ጀምሮ ያበጠውን እግሯን ወደ ወለሉ አወረደች። ቆመች። ደረቷን አንዳች ነገር ጨመደዳት፣ ትንፋሽ አጠራት። «እማ፣ ልንገራት...» ብላ ልጅቷ አፏን ስትከፍት አሮጊቷ ክንዷን ጭምድድ አድርጋ ያዘቻት።

«ጫማዬን አምጪ» አለቻት።