ለሞት የተቀመጠ ዘምዘም

ሱሀይላ ሽሪምፑን፣ ያንን ባለ ቅርፊት ትንሽ የባሕር እንስሳ፣ ከመስታወቱ ገንዳ በማንኪያ አውጥታ ጥቂት የጨው ውሃ ያለበት ሳህን ውስጥ አኖረችው። ከጉንጩ ቅርፊት ስር ምስር የሚያህል መዥገር መሳይ ተውሳክ አብጦ ይታይ ነበር። ወንድሟ አዩብ ከጅዳ ካመጣቸው አራት ሽሪምፖች የቀረው ይኸው አንዱ ነው። አዩብ በየመን በኩል ወደ ጅዳ ሊመለስ ጀልባ ከተሳፈረ ሁለት ረመዳን አልፏል፤ ድምፁ አልተሰማም። የመካነ ሰላም ከተማ ሰው ሁሉ ቁርጡን አውቋል። እናቱ ግን ጠዋት ጠዋት ገንዳውን ያዩና፣ "አለ፤ ልጄም አለ" ይላሉ።

በወረንጦ ቅርፊቱን ገለጥ ስታደርገው ሽሪምፑ እግሩን እንኳ አላንቀሳቀሰም። ተውሳኩ ከስጋው ጋር ተጣብቋል። ከኋላዋ ቆመው ያዩ የነበሩት እናቷ ወደ ጓዳ ገቡ። በሞታቸው ቀን ከንፈራቸው እንዲርስበት ከከፈናቸው ጋር ያስቀመጡትን፣ ከመካ የመጣ የዘምዘም ውሃ ያለበትን ጠርሙስ ይዘው ተመለሱና፣ "ቢስሚላህ" ብለው ሳህኑ ላይ ገለበጡት።

"እማየ፣ ጨው የሌለው ውሃ እኮ..." አለችና የቀረውን ንግግር ዋጠችው።

ሽሪምፑ ድንገት ዘለለ፤ በጅራቱ ውሃውን እየመታ ሳህኑን ዞረ። ባለፈው ሳምንት በቧንቧ ውሃ ያጠበችው ሌላው ሽሪምፕም እንዲሁ ዘሎ ነበር፤ ከዚያ በጎኑ ወድቆ ሞተ።

እናቷ ባዶውን ጠርሙስ ወደ ደረታቸው አስጠጉ።

"አልሀምዱሊላህ፣ ነፍስ ዘራ። ዛሬ ይደውላል፤ ስልኩን አምጪልኝ ልጄ።"

ሱሀይላ ስልኩን አምጥታ ሰጠቻቸው። ሳህኑንም ከደነችው።